ዊሊያም ማኪንሌይና የሜይን መርከብ ፍንዳታ

25ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ማኪንሌይ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1843 በኦሃዮ ግዛት ነው። በ18 ዓመታቸው በተራ ወታደርነት ተመዝግበው የእርስ በርሱን ጦርነት ከተሳተፉ በኋላ በሻለቃነት ማዕረግ ተሰናብተዋል። ጠበቃ፣ የኮንግረስ አባልና የኦሃዮ ገዥ ሆነው ካገለገሉ በኋላ በማርች 1897 የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ያዙ። የጦር ሜዳን እልቂት በዓይናቸው ያዩ በመሆናቸው ሌላ ጦርነት የመክፈት ፍላጎት አልነበራቸውም።

ይሁንና የኩባ ሕዝብ በስፔን ቅኝ አገዛዝ ላይ በማመጹ የዋሽንግተንና የማድሪድ ግንኙነት ሻክሮ ነበር። በሃቫና ሁከት መቀስቀሱን ተከትሎ ሜይን የተሰኘችው የጦር መርከብ ወደዚያው ተልካ ጃንዋሪ 25 ቀን 1898 ደረሰች። ከሦስት ሳምንታት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 15 ምሽት፣ መርከቧ ወደቡ ላይ እንደቆመች ፈንድታ ሰጠመች፤ ከ260 በላይ መርከበኞችም አለቁ።

የኒውዮርክ ጋዜጦች ምርመራው ሳይጀመር ጥፋቱን በስፔን ላይ አላከኩ። ማኪንሌይ ግን የባህር ኃይሉ አጣሪ ቡድን ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቅን መረጡ። በዚህም ወላዋይ ተብለው ተተችተዋል። ቡድኑ በማርች ወር ባቀረበው ሪፖርት መርከቧ ከውጭ በተቀመጠ ፈንጂ መመታቷን ቢገልጽም ፈንጂውን ማን እንዳስቀመጠው አላረጋገጠም። የስፔን መርማሪዎች በበኩላቸው ፍንዳታው ከመርከቧ ውስጥ የተነሳ ነው ሲሉ ደመደሙ።

ፕሬዚዳንቱ ኤፕሪል 11 ለኮንግረስ ባቀረቡት መልእክት ስፔንን በቀጥታ አልወነጀሉም፤ አደጋውን ስፔን በገዛ ወደቧ ጸጥታ ማስከበር እንደተሳናት ማስረጃ አድርገው አቀረቡት እንጂ። ይህ ጥንቃቄ የታከለበት አገላለጽ ግን የሕዝቡን ቁጣ ሊገታ አልቻለም። በዚያው ወር ጦርነት ታወጀ።

ውጊያው በኦገስት 12 ቆመ። በዲሴምበር በፓሪስ በተፈረመው ውል ስፔን ኩባን ለቀቀች፤ ፖርቶሪኮንና ጉዋምን አስረከበች፤ ፊሊፒንስንም ለአሜሪካ አስተላልፋ 20 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለች። ፊሊፒናውያን ግን ነጻነት ሲጠብቁ ሌላ ገዥ ስለመጣባቸው ጦር አነሱ፤ ያስከተለውም ደም መፋሰስ ከመጀመሪያው ጦርነት እጅግ የረዘመ ነበር።

ማኪንሌይ ለሁለተኛ ጊዜ በተመረጡ በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1901፣ በቡፋሎ ከተማ በጥይት ተመትተው ከስምንት ቀናት በኋላ በ58 ዓመታቸው አረፉ። በ1976 በአድሚራል ሃይማን ሪኮቨር የተመራ ጥናት ሜይንን ያፈነዳት በድንጋይ ከሰል ማከማቻዋ የተነሳና ወደ ጥይት ግምጃ ቤቷ የተዛመተ እሳት ሳይሆን እንዳልቀረ አመልክቷል።