ማርኪዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪና የሸዋው ቢራቢሮ

ስለ አገራችን አዕዋፍና ነፍሳት የተጻፉትን መጻሕፍት የገለጠ ሰው የአንቲኖሪን ስም ማግኘቱ አይቀርም። እኔም የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1811 በኢጣልያ አገር፣ በፔሩጃ ከተማ፣ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። የአዕዋፍን ጠባይ መመርመር ይወድ ነበር። በ1867 የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በ1876፣ ብዙ ሰው ዕረፍት በሚያስብበት ዕድሜ፣ የማኅበሩን ጓድ እየመራ በዘይላ በኩል ወደ ሸዋ መጣ። ንጉሥ ምኒልክም በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት። በአደን ላይ ጠመንጃ ባርቆበት ቀኝ እጁ ክፉኛ ቢቈስልም ሥራውን አልተወም፤ የሰበሰበው ሁሉ ለጄኖቫ ቤተ መዘክር ይላክ ነበር። በ1882 በነሐሴ ወር እዚያው ሌት ማረፊያ ዐረፈ።

በሚቀጥለው ዓመት ኦበርቱር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ከሸዋ የተወሰደውን ባለ ጅራት ቢራቢሮ በአንቲኖሪ ስም ሰየመው። የዚህ ቢራቢሮ ነገር ያስደንቃል። በብዙው የአፍሪካ ክፍል የወገኖቹ ሴቶች ጅራት የላቸውም፤ ወፍ የማይደፍራቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መስለው ከሞት ያመልጣሉ። የአገራችን ሴት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ወንዱ ባለ ጅራት ናት።

ታሪክ ሲነገር ግን ሙሉውን ነው። ለምርምር የተሰጠው ሌት ማረፊያ ኋላ የኢጣልያ መንግሥት መልክተኞች መናኸሪያ ሆነ፤ የሁለቱ መንግሥታት ጠብም በ1896 ዐድዋ ላይ አደረሰ። አገራችንን እኛው ካልመረመርናት ሌላው መርምሮ እንደሚወስዳት ከዚህ ተረዳሁ።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከቦሌ በስተ ምሥራቅ ባለ አንድ መስክ ደብተር ይዤ ቢራቢሮ ስቈጥር ከረምኩ። ሲደምን ክንፋቸውን ገጥመው ሣር ላይ ያርፋሉ፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ወደ ማገጡ አበባ ይነሣሉ። በሐምሌ ጥቂት ነበሩ፤ አደይ ሲፈነዳ በዙ። የአንቲኖሪው ቢራቢሮ ጫካ ወዳድ ነውና በዚያ አላየሁትም። መስኩም በሕንፃ ሥራ ምክንያት ከዳር እየጠበበ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ አንቲኖሪ በሽምግልናው፣ በቈሰለ እጁ የሠራውን እኛ በወጣትነታችን ለመሥራት ምን ያግደናል? መግደልም ማጥመድም አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን የሰፈራችንን መስክ ብንመዘግብ፣ መስኩ ቢጠፋ እንኳ በውስጡ የነበረው ፍጥረት በገዛ ልጆቹ እጅ ተጽፎ ይቀራል።