መምህር ሉዊ ብሬል ማን ነበር?

ከዳባት እስከ ደባርቅ ወስፌ የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። እናቶቻችን ስፌት ይሰፉበታል፤ ቆዳ ሠሪውም ይበሳበታል። የዛሬው ባለታሪካችን ዓይኑን ያጣው በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ለዓለም ዓይነ ስውራን ንባብንና ጽሕፈትን ያስገኘውም በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው።

ሉዊ ብሬል በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 በፈረንሳይ አገር፣ ከፓሪስ በስተምሥራቅ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻ ሠሪ ነበር። ልጁ በ3 ዓመቱ ከአባቱ መሥሪያ ክፍል ገብቶ ሲጫወት አንድ ዓይኑን በወስፌ ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘና ወደ ሌላው ዓይን ተዛመተ፤ 5 ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ጠፉ። ወላጆቹ ግን ቤት አላስቀመጡትም፤ ከመንደሩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ሰደዱት። በ10 ዓመቱም ፓሪስ ከሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ።

እዚያ መጻሕፍት ነበሩ፤ ያሠሯቸው ግን ዓይናማዎች ናቸው። ተራው የፈረንሳይ ፊደል ከወረቀቱ ጎልቶ እንዲወጣ ተደርጎ ይታተማል። ፊደሉ ትልቅ ስለሆነ መጽሐፉ ከባድና ውድ ነው፤ በጣት ዳስሶ ማንበቡም አዝጋሚ ነው። መጻፍማ ጭራሽ አይታሰብም!

በ1821 ሻርል ባርቢየ የተባለ የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቀረበ። ይኼኛው ይሻል ነበር፤ ሆኖም አንዱ ምልክት እስከ 12 ነጥብ ስላለው በጣት ጫፍ አይሸፈንም፤ ሥርዓተ ነጥብም የለውም። ብሬል ወረቀት እየበሳ ሲሞክር ከረመና በ1824፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ 12ቱን ነጥብ ወደ 6 አወረደው። ከ6 ነጥብ 63 ምልክት ይወጣል፤ ለፊደልም ለቁጥርም ለሙዚቃም ይበቃል። ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሰሌዳና መብሻ ብቻ ነው። ዘዴውንም በ1829 አሳተመ።

በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሲያገለግል በ1840 የተሾመው አዲስ ዳይሬክተር ዘዴውን ከለከለ። ተማሪዎቹ ግን ተደብቀው ይጽፉበት ነበር፤ የሚመቻቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ! ብሬል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ፈረንሳይ ዘዴውን በይፋ የተቀበለችው ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የእኛም ፊደል በእነዚያው 6 ነጥቦች ይጻፋል።

ታዲያ እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ነገ ደባርቅም ሆነ ዳባት ስንመደብ የትምህርት ቤት ግዢ ኮሚቴ አባል መሆናችን አይቀርም። ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ሲገዛ ዋጋውንና ቀለሙን ብቻ አይተን እንፈርማለን ወይስ ዓይነ ስውሩን ተማሪ ጠርተን እናስሞክራለን? ያለ ዓይን ይከፈታል ወይ? ጽሑፉን በድምፅ ያነባል ወይ? ድምፁስ አማርኛ ይችላል ወይ? ኤንቪዲኤ የሚባለው የኮምፒዩተር ጽሑፍ አንባቢ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በገንዘብ እጥረት ማመካኘት አይቻልም። አገራችንም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች።

የፓሪሱ ትምህርት ቤት መልሱ በራሱ ተማሪ እጅ ላይ እያለ ስንት ዓመት አባከነ! እኛ ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ።