ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድና አሥራ ስድስቱ የሕመም ዓመታት

የሲግመንድ ፍሮይድ ስም ሲነሣ ተማሪው ሁሉ የሚያስበው ስለ ሕልምና ስለ ስውር የሰው ሐሳብ ነው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ከሊቅነቱ ይልቅ ብዙ ሰው የማያውቀውን የበሽተኛነቱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሮይድ በ1856 ዓ.ም. ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ በምትገኘው በፍራይበርግ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና የ4 ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ወደ ቪየና ወሰዱት። በዚያም ተምሮ በ1881 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቀ። በመንፈስ ጭንቀት የተያዘውን ሰው አልጋ ላይ አጋድሞ፣ በልቡ ያለውን ሁሉ እንዲናገር በማድረግ የማከምን ዘዴ ስላቋቋመ ዝናው በዓለም ተሰማ። የዚህ ሐኪም መሣሪያ እንግዲህ ቢላዋም መርፌም አልነበረም፤ አፍና ጆሮ ብቻ ነበር። ሕመሙም የመጣው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው።

በቀን እስከ 20 ሲጋር ያጨስ የነበረው ፍሮይድ በ1923 መጀመሪያ ላይ በትናጋው በስተቀኝ በኩል እብጠት አገኘ። በሚያዝያ ወር አንድ ሐኪም ቆርጦ አወጣለት። ደሙ ግን አልቆም ብሎ ለሞት አደረሰው፤ የጥሪው ደወል አልሠራ ስላለም አብሮት የተኛ አንድ ድንክ በሽተኛ ሮጦ ሰው በመጥራት አተረፈው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሐኪሞቹ በሽታው ካንሰር መሆኑን ለወራት መደበቃቸው ነበር። ፍሮይድ ይህን ባወቀ ጊዜ እጅግ ተቈጣ። ከዚያም ወዲህ የግል ሐኪሙ የሆነውን ማክስ ሹርን፣ ምንም ቢሆን እውነቱን እንዲነግረው ቃል አስገባው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ፕሮፌሰር ሐንስ ፒህለር በሁለት ጊዜ ኦፐራሲዮን የቀኝ የላይኛው መንጋጋውን ክፍልና ትናጋውን ቆርጦ አወጣ። ሕይወቱ ዳነ፤ ነገር ግን አፉና የአፍንጫው ውስጥ አንድ ቀዳዳ ሆኑ። በዚህ ምክንያት ያለ ሰው ሠራሽ ትናጋ መብላትም መናገርም የማይቻል ሆነ። ቤተሰቡ ይህን ትልቅ መሣሪያ ጭራቅ ብለው ይጠሩት ነበር። ጠብቆ ካልተገጠመ ንግግሩ አይሰማም፤ ጠብቆ ከተገጠመ ሥጋውን ያቆስላል፤ ለጥቂት ሰዓት ከወጣ ደግሞ ሥጋው ስለሚኮማተር ተመልሶ አይገባም። አፉም እንደ ልቡ አይከፈትም። በቀኝ ጆሮውም መስማት ተሳነው።

ፍሮይድ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በ1924 ጥር ወር ሥራውን ቀጠለ። ቀኝ ጆሮው እንቢ ቢለው በግራው ይሰማ ዘንድ የሕመምተኛውን አልጋና የራሱን ወንበር ቦታ አዛወረ። በጉባኤ መናገር ቢከብደው ንግግሩን ይጽፋል፤ ልጁ አና ታነበዋለች። በ1930 የተሸለመውን የጎተ ሽልማት ፍራንክፈርት ሄዳ የተቀበለችለት እርሷ ናት። መሣሪያውን ማውጣትና መግጠም ሲያቅተውም የምትረዳው አና ነበረች፤ ሆኖም ሥራዋን እንደ ሐኪም እንድትሠራ፣ ኀዘኔታ እንዳታሳየው አስቀድመው ተስማምተው ነበር። ማታ ማታ ብዕሩን ያነሣል፤ ከታወቁት መጻሕፍቱ አንዳንዶቹ የተጻፉት በእነዚሁ የሥቃይ ዓመታት ነው።

ሁሉን ነገሩን ግን አናመስግንለት። ሲጋሩን አልተወም፤ አፉ አልከፈት ሲለው ጥርሱን በልብስ መቆንጠጫ ፈልቅቆ ያጨስ ነበር። ትንባሆ የአፍ ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ከሕክምና በኋላም ቁስሉ እንዳይድን እንደሚያደርግ ዛሬ ማንም ሐኪም ይነግረናል። ሐሳቤ እንዳይደነዝዝ ብሎም ከአስፒሪን በቀር የሥቃይ ማስታገሻ አልወስድም ይል ነበር። ይህ የራሱ ምርጫ ነው እንጂ ለሌላው በሽተኛ ሕግ አይሆንም፤ ማስታገሻ መውሰድ ከድካም የሚቈጠር ነገር አይደለም።

በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን ገባ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለቢቢሲ የተቀዳው ድምፁ ዛሬም አለ፤ ቃላቱ በጭንቅ እንደሚወጡ የሚሰማው ሁሉ ያስተውላል። በመጨረሻው ዓመት ኦፐራሲዮን የማይቻል ሆነ፤ የጨረሩም ሕክምና አደከመው። ከቁስሉ ሽታ የተነሣ የሚወዳት ውሻው እንኳ አልቀርበውም አለች። እስከ 1939 ክረምት ድረስ በሽተኞቹን ሲቀበል ቆየ። መስከረም 23 ቀን 1939 ሥቃዩ ከልክ ሲያልፍ፣ አስቀድሞ በተስማሙት መሠረት ሐኪሙ ሹር በሰጠው ሞርፊን አንቀላፍቶ በ83 ዓመቱ ሞተ።

ከ30 በላይ ኦፐራሲዮን የተደረገለት ይህ ሰው የሚያሳየን ሕክምና ከሆስፒታል በር ላይ የማያበቃ መሆኑን ነው። በየመሥሪያ ቤታችንና በየትምህርት ቤታችን ከካንሰር ሕክምና የተመለሰ ወንድም ወይም እህት ይኖራል። የሚሻው ከንፈር መምጠጥን አይደለም፤ እንደ ፍሮይድ ወንበሩ ወደሚሰማበት ወገን እንዲዞርለት ነው።