ሙሴ ኢልግና የአዋሽ ድልድይ ሞዴል

አልፍሬድ ኢልግ፣ በዘመኑ አጠራር ሙሴ ኢልግ፣ በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ከተማ በ1854 ተወለደ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምሕንድስና ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች ከአውሮፓ እንዲፈለጉላቸው አስጠይቀው ነበርና፣ ከሁለት የአገሩ ባለሙያዎች ጋር ተጉዞ በ1879 አንኮበር ገባ። ዕድሜው ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

አንኮበር የሸዋ ደጋ ወደ ቆላው በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረች ናት። በዚያም ሆነ በመንዝ ደጋ ግንበኛው ቤት የሚያቆመው ልኩን በክንድና በገመድ ይዞ፣ ዕቅዱን በልቡ አኑሮ ነው። በወረቀት ላይ የተሠመረ ፕላን ለእንዲህ ያለው ባለሙያም ሆነ ለመኳንንቱ የሚነግራቸው ነገር እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ ኢልግ ሐሳቡን በዓይን በሚታይ፣ በእጅ በሚዳሰስ ነገር መግለጽ ነበረበት።

ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ እንደነበረ ይተረካል። መሐንዲሱ ሙያው እንዳልሆነ ቢያስረዳም ሠርቶ አቀረበ። ጠፍጣፋ ቆዳ በልክ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ሰፍቶ ቅርጽ ማስያዝ፣ የዛሬው አርክቴክት በኮምፒዩተር የነደፈውን ጣሪያ በጠፍጣፋው ዘርግቶ በካርቶን ላይ ካተመ በኋላ እያጠፈ ሞዴል ከሚያወጣበት ዘዴ ብዙም አይርቅም።

በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ የመሥራት ሐሳብ በተነሣ ጊዜ ምኒልክ አስቀድመው ሞዴሉን ለማየት ፈለጉ ይባላል። እንደሚተረከውም የቀረበላቸውን በቡጢ መትተው ሰበሩት፤ ኢልግ እያጠናከረ ሠርቶ ሲያቀርብ ቆይቶ በመጨረሻ አንዱ ምቱን ቻለ። ድልድዩም በ1886 ተሠራ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነሣል። በእኔ አስተያየት የንጉሡ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ መልሱ ግን በሞዴል የሚገኝ አይደለም። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ሞዴል በሁሉም አቅጣጫ አሥር እጥፍ ቢያድግ የአካላቱ የመስቀለኛ ቁርጥ ስፋት መቶ እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ሺህ እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም በራሱ ክብደት የሚደርስበት ጫና አሥር እጥፍ ይጨምራል። ቡጢ የቻለው ትንሹ ድልድይ፣ በዚያው መጠን ተባዝቶ ወንዝ ላይ ቢዘረጋ ገና ሰው ሳይረግጠው ሊወድቅ ይችላል። ሞዴሉ ያስገኘው ፈቃድን ነው፤ ጥንካሬው የሚገኘው ከስሌቱ ነበር። ዛሬም የታጠፈ ወረቀት በእጥፋቱ ምክንያት ቀጥ ብሎ ሲቆም የተመለከተ ባለቤት፣ ጣሪያው እንዲሁ የሚቆም ይመስለዋል። ልዩነቱን አስቀድሞ መንገር የመሐንዲሱ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚዘነጋ ባልደረባ አልጠፋም።

ኢልግ ከዚያ በኋላ ከእንጦጦ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የውሃ ቧንቧ ዘረጋ። ውሃ ሸለቆ ወርዶ ዳገት ይወጣል የሚለውን ነገር ብዙዎች አላመኑም፤ ሆኖም ምንጩ ከመድረሻው ከፍ ያለ ነበርና ውሃው ወጣ። በ1894 የምድር ባቡር ውል ተሰጠው፤ በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ኢልግ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1916 ዙሪክ ላይ ሲያርፍ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ለመግባት አንድ ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር።