አስቴር ጋኖ፦ ቃላት ለቃሚዋ መምህርት

እስቲ የእንግሊዝኛ ቃላት ደብተራችሁን ገለጥ አድርጉት። በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ትርጉሙ፣ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል አይደል? የእኔም እንደዚያው ነው። ለፈተና እሸመድደዋለሁ፤ በሳምንቱ ግማሹ ከጭንቅላቴ ይጠፋል። ነገ ደግሞ ይህንኑ ለተማሪዎቻችን ልናወርስ ነው! ስለዚህ ዛሬ ከእኛ በፊት በቃላት ላይ የደከሙ አንዲት መምህርት ሕይወት ላቅርብላችሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቴር ጋኖ የተወለዱት በ1870ዎቹ ገደማ ነው። ነፃ ሆነው ቢወለዱም በልጅነታቸው በሊሙ እናርያ ባርነት ውስጥ ወደቁ። ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ተጭነው ሳለ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ስለያዟት ነፃ ወጡ። ከዚያም ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

እዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። ኦነሲሞስ ስዊድን ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ግን ገና ሕፃን ሳሉ ከወገናቸው ስለተነጠቁ የገዛ ቋንቋቸው ቃል ያጥራቸው ነበር። የአስቴርን ተሰጥኦ ሲያዩ ቃላት እንዲሰበስቡ አደረጉ። አስቴርም ብዙ ቃላት ለቀሙ። ስብስቡ በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት ረዳ።

አስቴር በዚህ አልቆሙም። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ጻፉ። ከዚህም ብዙው በ1894 በወጣው የጀማሪዎች ማንበቢያ ውስጥ ገባ። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ስዊዘርላንድ ሲታተም ግን በርእሱ ገጽ ላይ ስማቸው አልወጣም። በ1904 ከኦነሲሞስ ጋር ወለጋ ገብተው ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ በ1964 አረፉ።

ታዲያ እኛ ምን እንማራለን? እርግጥ አስቴር የለቀሙት የእናት ቋንቋቸውን ነው። ለእኛ እንግሊዝኛ ባዕድ ነው፤ አዳማ መንገድ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ እንግሊዝኛ አይሰማም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል፦ የቃላቱ ዝርዝር የጠቀመው ተርጓሚውን ነው፤ ለጀማሪዎቹ የተሰጣቸው ግን ተረቱና እንቆቅልሹ ነበር።

እንግዲህ ለማስተማር ልምምድ ሞጆም ሆነ መቂ ብንወጣ፣ ሃያ ቃል ሰሌዳ ላይ ደርድረን አናስገልብጥ። አምስቱን ብቻ መርጠን በእንቆቅልሽ እንጠይቅ። ተማሪው ስለ ገበያው፣ ስለ ጋሪው የራሱን ዓረፍተ ነገር ይሥራበት። ከሦስት ቀን በኋላም መልሰን እንጠይቀው። ከደብተር የማይወጣ ቃል ተማሪውን የት ያደርሰዋል?