ምኒልክ፣ ሱልጣኑና አሜሪካ

አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ተወልደው በመቅደላ በምርኮ አደጉ። በ1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት እንደሆኑ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክን አማርኛው ፈቃድ፣ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ አገሩን አሰልፈው ክርክሩን በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ቋጩት።

በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከእርሳቸው ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህችው አሜሪካ በ1891 ዓ.ም. ከፊሊፒንሱ የሱሉ ሱልጣን ጀማሉል ኪራም ጋርም ተዋውላ ነበር። እንግሊዝኛው የበላይነቷን ሲያውጅ የአገሬው ቋንቋ ያንን አይልም። የሰሜን ፊሊፒንስ ጦርነቷ ሲያበቃ፣ ምኒልክን በተዋዋለች በወራት ውስጥ፣ የሱልጣኑን ውል ብቻዋን ሰረዘችው።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አረፉ። የሁለቱን ውሎች ዕጣ የለየው ቀለሙ ነበር ወይስ አድዋ?