የሌት ማረፊያው ወፍ ሰብሳቢ፦ ማርኬዝ ኦራትሲዮ አንቲኖሪ

ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፥ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። የይፋት ቆላ ከዚያ ጀምሮ በተራራው ግርጌ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ከአንኮበር በታች ካለው ከአልዩ አምባ ገበያ ይደርሳል። የዚህ አገር ወፎች እያንዳንዳቸው አገራቸውና ቀናቸው ተጽፎላቸው በኢጣልያ፥ በጄኖቫ ከተማ ሙዚየም ተቀምጠዋል ብንል የሚያምነን ስንቱ ነው? እኛም ይህን የተረዳነው የቤተ መዘክር አያያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን ሰምተን ነገሩን መከታተል ከጀመርን በኋላ ነው። ሥራውን በአገራችን የጀመሩትን ሰው ታሪክ ባጭሩ እንነግራችኋለን። ዘመኑን በአውሮጳውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

አንቲኖሪ በ1811 በፔሩጃ ከመኳንንት ቤት ተወለዱ። በ1849 ለሮማ ሪፑብሊክ ተሰልፈው ተዋጉ፤ ሪፑብሊኩ ሲወድቅ ተሰደዱ። በስደትም ግብፅና ሱዳን ድረስ እየዞሩ ወፍ ሰበሰቡ። ፖለቲካ ያባረራቸውን ሰው ወፍ አስተናገዳቸው ማለት ነው። በ1867 የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ።

በ1876 ማኅበሩ ወደ ሸዋ የላከውን ጓድ እየመሩ በዘይላ መንገድ መጡ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ልቼ ላይ ተቀብለው በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። በአደን ላይ ጠመንጃ ባርቆ ቀኝ እጃቸውን አቆሰላቸው፤ ሥራውን ግን አልተዉም።

ሥራው እንዲህ ነው። የወፉ ቆዳ ይገፈፋል፥ መርዝ በተቀላቀለበት ሳሙና ይታሻል፥ ጥጥ ይሞላበታል፤ ከዚያ እግሩ ላይ ትንሽ ወረቀት ይታሰርለታል። ቦታው፥ ቀኑ፥ ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ በዚያች ወረቀት ይጻፋል። ወረቀቷ ከጠፋች ወፉ ለትራስ ሙሌት እንጂ ለሌላ አይረባም። የቤተ መዘክር ትምህርት ግማሹ ይህችን ወረቀት መጠበቅ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ሌት ማረፊያ የወፍ ቤት ብቻ ነበር ማለት ግን የዋህነት ነው። በ1889 የውጫሌን ውል የተዋዋለው ኮንት አንቶኔሊም በዚያው ጣቢያ ያርፍ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሳያዩ ነሐሴ 20 ቀን 1874 ዓ.ም.፥ ማለት በ1882፥ እዚያው ሞተው እዚያው ተቀበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ የሸዋን ወፎች መጽሐፍ አሳተመ፤ አንዱንም ጨረባ በአንቲኖሪ ስም ጠራው።

ከእርሳቸው በኋላ ጣቢያውን የያዘው ዶክቶር ራጋዚም ቆላውን እያሰሰ መሰብሰቡን ቀጠለ። ከአንኮበር በታች ከተገኙት ወፎች መካከል ጉሮሮው ቢጫ የሆነ ትንሽ ጥሬ ለቃሚ ነበረ፤ ሳልቫዶሪ በ1888 ስም አወጣለት። ከዚያ መቶ ዓመት ግድም በሕይወቱ ያየው አልተገኘም። አንዳንድ ሊቃውንትም ድቅል እንጂ ራሱን የቻለ ወገን አይደለም ብለው ጠረጠሩት። ይህን ሁሉ ጊዜ ለመኖሩ ምስክሩ መሳቢያ ውስጥ የተኙት ጥቂት ቆዳዎችና እግራቸው ላይ የታሰረችው ወረቀት ብቻ ነበሩ። በ1989 ወፉ በአዋሽ አገር እየበረረ ታየ።